ይግባኝ ያልተጠየቀበት የኤርሊክ ብይን

በሕግ ዓለም የመጨረሻ የሚባል ፍርድ አለ። በሳይንስ ግን ሊኖር አይገባም። የጀርመናዊው ሐኪም የፖል ኤርሊክ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1854 በዛሬዋ ፖላንድ ግዛት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማሪነቱ ጀምሮ ልቡ በማቅለሚያ ቀለሞች ተያዘ። አንዱ ቀለም ይህንን ሴል አቅልሞ ያኛውን ሲተወው በማየቱ፣ በሰውነት ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የሚገጥመውን ይመርጣል የሚል እምነት አደረበት። የዘጊ አናዳን ሴረም ጥንካሬ መለኪያ ዘዴ ያበጀው፣ በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከኢሊያ ሜችኒኮፍ ጋር የተካፈለው፣ በ1910 የቂጥኝ መድኃኒት የሆነውን ሳልቫርሳንን ያበረከተው በዚሁ መንገድ ተጉዞ ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን በ1900 አካባቢ ከዩሊየስ ሞርገንሮት ጋር በፍየሎች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። የሌላ ፍየል ደም የተወጉት ፍየሎች ያንን ባዕድ ደም የሚያጠፋ አንቲቦዲ አመረቱ፤ የራሳቸውን ደም የሚያጠፋ ግን አልተገኘባቸውም። ኤርሊክ ሰውነት ራሱን መመረዝ ይፈራል ሲል ደመደመ። ይህንን የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ እንዳለ፣ እሱ ሲታወክም በሽታ ሊከተል እንደሚችል ገምቶ ነበር። ብዙዎች የያዙት ግን የብይኑን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሰውነት ራሱን አያጠቃም የሚለውን።

በ1904 ዶናትና ላንድሽታይነር በቪየና ተቃራኒ ማስረጃ አቀረቡ። ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው የሚቀላ ሕሙማን፣ ቀይ የደም ሴሎቻቸውን የሚያፈርሰው የገዛ ራሳቸው አንቲቦዲ ሆኖ ተገኘ። ሰሚ ግን አልበዛም። ኤርሊክም በ1915 አረፈ። ጉዳዩ በሰፊው የተከፈተው በ1956 ነው፤ በአሜሪካ ሮዝና ዊቴብስኪ በጥንቸሎች፣ በለንደን ሮይትና ዶኒያክ በሕሙማን ላይ፣ ሰውነት የራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደሚያጠቃ አሳዩ።

ዛሬ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ሉፐስ፣ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው በከፊል አንድ መሆኑ ታውቋል። በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት ኤችኤልኤ የተባሉ ጂኖች ሁሉንም ይነካሉ። ፒቲፒኤን22 የተባለው ጂን አንድ ለውጥም እንዲሁ። ጂን ብቻውን አይፈርድም፤ ዝንባሌን ያወርሳል እንጂ። አንዱ በሽታ በገባበት ቤት ሌላው ሲከተል እርግማን የሚመስለን ለዚህ ነው።

ኤርሊክ የገመተው ተቆጣጣሪም አንዱ መልኩ ተገኝቷል። የመከላከያ ሠራዊታችንን አደብ የሚያስይዙ ቲ ሴሎችን ያጠኑት ብሩንኮ፣ ራምስዴልና ሳካጉቺ በ2025 ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ የተሳሳተው ከዳኛው ይልቅ ብይኑን በግማሹ ያነበበው ነው። የዘገየውን ዕዳ የከፈሉት ደግሞ ሕሙማን ናቸው።