በምድር ወገብ ላይ የታየ በረዶ
የዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ ሕይወት

ሰማዩ በጠራ ማለዳ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የኬንያን ተራራ ከሩቅ ያያል። ከፍታው 5,199 ሜትር ነው፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ይህን ተራራ ማየቱን ከአውሮፓ ሰዎች አስቀድሞ የመሰከረው በእኛም አገር ወንጌልን ይዞ የተመላለሰ ሚስዮናዊ ነበረ። ታሪኩን ባጭሩ እንናገራለን፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ በ1810 በጀርመን አገር፥ በቱቢንገን አጠገብ በምትገኝ ደሬንዲንገን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደ። በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1837ም በእንግሊዝ የወንጌል መልእክተኞች ማኅበር ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1838 ከዐድዋ ተባረረ፤ በ1839 ግን ሸዋ ገብቶ እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ቈየ፤ ከወንጌልም ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ። በኋላ ከሚስቱ ከሮዚና ጋር ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሲደክም መንገዱ ተዘጋበት። በዚያ ጉዞ በበረሃ ያለ ጊዜዋ የተወለደችውን ሴት ልጃቸውን በአማርኛ እንባ ብሎ ሰየማት፤ ሕፃኒቱም ሞተች።

በ1844 ሞምባሳ ደረሱ። በሐምሌ ወር ሮዚና በንዳድ ሞተች፤ አዲስ የተወለደችውም ልጅ ተከተለቻት። ክራፕፍ ግን መቃብራቸውን በዚያ ትቶ አልሸሸም። በ1846 ባልንጀራው ዮሐንስ ሬብማን መጣለት፤ በራባይ ኮረብታ ላይ ተቀምጠው አስተማሩ፤ የስዋሂሊንም ቋንቋ ሰዋስው አዘጋጀ።

በ1848 ግንቦት ወር ሬብማን የኪሊማንጃሮን ነጭ ራስ አየ። በሚከተለው ዓመት ክራፕፍ ወደ ካምባ ሕዝብ አገር ወጣ። በኪቱይ የነበረው አለቃ ኪቮይ ነጭ ነገር ስለ ለበሰ ሌላ ታላቅ ተራራ ነገረው። ተራራውን ግን ደመና ሸፍኖት ነበረ። በታኅሣሥ ወር በ3ኛው ቀን 1849 ደመናው ተገለጠ፤ ክራፕፍም እንደ ቀንድ የቆሙ ሁለት ጫፎችን በላያቸውም ነጩን በረዶ አየ።

ወሬው ለንደን ሲደርስ ዊልያም ዴዝቦሮ ኩሊ የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ በምድር ወገብ ላይ በረዶ ሊኖር አይችልም ብሎ ተቃወመ። ነገሩ ግን ከቆላ ወደ ደጋ ለወጣ ገበሬ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሊቁ ከቤቱ ሳይወጣ ካደ፤ ኪቮይ ግን በፊደል ሳይማር ያውቅ ነበር።

ክራፕፍ ባየው ላይ አልጨመረም፥ ስለ ተሰደበም አላስቀረም። በ1881 ኅዳር ወር በኮርንታል በጸሎት እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። ጆሴፍ ቶምሰን ተራራውን አይቶ ቃሉን ያጸናለት በ1883 ነው። በ1899 ሰዎች ወደ ተራራው ጫፍ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ናይሮቢ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ተቈረቈረች።

ወዳጆች ሆይ፥ ተራራው ለክራፕፍ ሚስቱንና ልጆቹን አልመለሰለትም። መጽናኛውን በተሰቀለውና በተነሣው ጌታ አግኝቶ ስለ ነበር፥ ተራራውን አምላክ ሳያደርግ የአምላኩ ሥራ ነው ብሎ ሊደነቅበት ቻለ። ያዘነ ልብ ፍጥረትን አይቶ ሊያመሰግን የሚችለው እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ በረዶው መዝገብ በጠየቀው ጊዜ ኢዮብ አፉን በእጁ እንደ ያዘ እናስታውሳለን፤ ሊቁ ግን የፈጣሪን ሥራ በራሱ ልክ ሰፈረ።

እኛ በደጋ የምንኖር ተራራን በየማለዳው እያየን ያለ ምስጋና እናልፈዋለን። ክራፕፍ ካየው በረዶ አብዛኛው ባለፉት 100 ዓመታት ቀልጦ ጠፍቶአል። ስለዚህ ፈጣሪ የሰጠንን ዛሬ ዓይናችንን አንሥተን እንይ፥ እንጠብቅ፥ ያየነውንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለልጆቻችን እንመስክር። ለእርሱ ለፈጣሪያችን ክብር ይሁን፤ አሜን።