የሒሳብ መምህሩ አባ ሉካ ፓቾሊ

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ማታ ለጥናት በምንቀመጥበት ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ የሚከማቸው የቤት ሥራ ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ አልጄብራ ነው፤ ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሦስተኛው ስለ ወለድና ስለ ንግድ የሚጠይቀው ኤኮኖሚክስ ነው፤ አራተኛውም ዕድልን በቁጥር የሚለካው ስታቲስቲክስ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መጽሐፍና መምህር ስላላቸው እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይመስሉን ነበር። ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የአራቱንም ዓይነት ጥያቄ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው ለተማሪ ያቀረቡ አንድ መነኩሴ እንደ ነበሩ በተረዳን ጊዜ ተደነቅን። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሉካ ፓቾሊ በኢጣልያ አገር ሳንሴፖልክሮ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1445 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ታላቁ ሠዓሊ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካም የዚያችው ከተማ ሰው ነበረ፤ እርሱም ሥዕልን ብቻ ሳይሆን የቁጥርንና የቅርጽን ትምህርት አጥብቆ የሚያውቅ ነበረና ወጣቱ ሉካ ከሥራው ብዙ ነገር ቀስመዋል። በኋላ ወደ ቬኒስ ሄዱ። ቬኒስ በዚያ ዘመን መርከቦቿ ከምሥራቅ ቅመምና ሐር እየጫኑ የሚገቡባት የንግድ ከተማ ነበረች። ሉካም አንቶኒዮ ሮምፒያዚ በሚባል ነጋዴ ቤት ተቀምጠው ሦስቱን ወንዶች ልጆቹን ሒሳብ ያስተምሩ ጀመር። ራሳቸውም በከተማይቱ ከሚያስተምር ሊቅ ዘንድ እየሄዱ ይማሩ ነበር። በ1470 ዓ.ም. ለእነዚያ ለሦስቱ ልጆች የሒሳብ መጽሐፍ ጻፉላቸው። የመጀመሪያ ድርሰታቸው እንግዲህ ለቤት ሥራ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሱ። በ1477 ዓ.ም. በፔሩጃ ከተማ ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ፤ ለዚያ ላሉት ተማሪዎቻቸውም ሌላ መጽሐፍ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ አስተማሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ግን በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ የታተመው ሱማ የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው ነው። ስድስት መቶ የሚያህል ገጽ ያለው ሲሆን፣ ቁጥርን፣ አልጄብራን፣ ጂኦሜትሪን፣ የገንዘብ ምንዛሪን፣ ወለድንና የሽርክና ንግድን ሁሉ ይዟል። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በላቲን ነበር፤ አባ ሉካ ግን ላቲን የማያውቀው ነጋዴም እንዲያነበው ብለው ሕዝቡ በሚነጋገርበት ቋንቋ ጻፉት። እኛም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ገና ሳንሠራው በቃሉ ብቻ ስንቸገር የኖርን ነንና ይህን አሳባቸውን ከሁሉ አብልጠን ወደድነው።

ከመጽሐፉ ውስጥ ጥቂቱ ክፍል፣ ሠላሳ ገጽ እንኳ የማይሞላው፣ የቬኒስ ነጋዴዎች መዝገባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ያስረዳል። ነጋዴው አስቀድሞ ያለውን ሀብት ሁሉ፣ ከጥሬ ገንዘቡ እስከ ቤት ዕቃው፣ ቆጥሮ ይጽፋል። ከዚያም ሦስት መዝገቦች ይኖሩታል። በመጀመሪያው የዕለቱን ነገር እንደ ሆነው ይጽፈዋል፤ በሁለተኛው በሥርዓት ያሰፍረዋል፤ በሦስተኛው በየሒሳቡ ከፍሎ ያገባዋል። እያንዳንዱም ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ይኸውም አንድ ነጋዴ በ100 ብር ጨርቅ ቢገዛ፣ ጨርቁ ስለ ገባ በጨርቁ ሒሳብ በዴቢት በኩል 100፣ ገንዘቡ ስለ ወጣ በገንዘቡ ሒሳብ በክሬዲት በኩል 100 ይጻፋል ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ሲደመሩ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ስሕተት አለ። አንዲት ብር አልገጥም ብላን እስከ መብራት ማጥፊያው ደወል የተቀመጥንበት ሌሊት ስላለ፣ ይህ ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰዎች አባ ሉካ ይህን ዘዴ የፈጠሩ አድርገው ያወራሉ፤ እውነቱ ግን ነጋዴዎቹ ከእርሳቸው በፊት ይሠሩበት ነበር። የእርሳቸው ድርሻ አሳትመው ለሁሉ ማስተማራቸው ነው።

በዚያው መጽሐፍ ገንዘብ በወለድ ስንት ዓመት ሲቆይ እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ 72ን በወለዱ ማካፈል ይበቃል ይላሉ። ወለዱ ከመቶ 6 ቢሆን 12 ዓመት ይሆናል። ምክንያቱን ሳይገልጡ አልፈውታል፤ እኛ እንዲህ ብናደርግ ግን መምህራችን ነጥብ ይቀንሱብን ነበር።

እንግዲህ በጣም ወዳከራከረን ጥያቄ እንምጣ። ሁለት ወገኖች ገንዘብ አስይዘው ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ዙር ያሸነፈ 10 ነጥብ ያገኛል፤ አስቀድሞ 60 የሞላ ገንዘቡን ሁሉ ይወስዳል። አንዱ 50፣ ሌላው 20 ይዘው ሳለ ጨዋታው ቢቋረጥ ገንዘቡን እንዴት ይካፈሉ? አባ ሉካ እንደ ሽርክና ንግድ ቈጠሩትና በያዙት ነጥብ ልክ፣ አምስት እጅ ለአንዱ፣ ሁለት እጅ ለሌላው ይሁን ብለው ፈረዱ።

እኛም መልሱን ሳናይ አንድ ማታ ጥያቄውን ለክፍላችን አቀረብነው። ለስሌቱ እንዲመች የተያዘው ገንዘብ 112 ብር ነው አልን። ሁላችንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ 80 እና 32 ብለን ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ ብቻ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ፣ የቀረውን እንጂ ያለፈውን ለምን እንቈጥራለን ብሎ ጀመረና፣ ሌሎቻችን ስንስቅበት የጻፈውን በላጲስ አጠፋ።

አባ ሉካ ግን ወደ ሚላኖ ሄዱ። መስፍኑ ሉዶቪኮ ስፎርዛ ሒሳብ እንዲያስተምሩለት ጠርቷቸው ነበር። በዚያም ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን አገኙና ወዳጆች ሆኑ። ሊዮናርዶ የሱማን መጽሐፍ ገዝቶ ነበር፤ የቁጥር ሥር አበዛዝን ከመምህር ሉካ መማር እንዳለበትም በማስታወሻው ጽፏል። ያን የሚያህል ሰው ለራሱ የቤት ሥራ ሰጠ ማለት ነው። እርሱም በፈንታው አባ ሉካ በ1509 ዓ.ም. ላሳተሙት ሌላ መጽሐፍ የቅርጾቹን ሥዕል ሠራላቸው። በ1499 ዓ.ም. ፈረንሳዮች ሚላኖን ሲይዙ ሁለቱም ከተማዋን ለቀው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አባ ሉካ በቦሎኛ አስተማሩ። በሱማ ውስጥ የሦስተኛ ኃይል እኩልታን የሚፈታ መንገድ እስከ ዘመናቸው አለመገኘቱን ጽፈው ነበር። በዚያው በቦሎኛ ያስተምር የነበረው ሺፒዮኔ ዴል ፌሮ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንዱን ዓይነት መፍቻ አገኘ። አባ ሉካ በ1517 ዓ.ም. ዐረፉ።

የኳሱ ጥያቄ ግን ከእርሳቸው በኋላ አላረፈም። ታርታልያ የተባለው ሒሳብ ዐዋቂ በ1556 ዓ.ም. ስሕተቱን ገለጠ፤ አንዱ 10፣ ሌላው ምንም ሳይዝ ቢቋረጥ፣ በአባ ሉካ ሕግ አንዲት ዙር ያሸነፈው ሁሉን ሊወስድ ነው ማለት ነዋ! ትክክለኛው መፍቻ የተገኘው ግን በ1654 ዓ.ም. ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ስለዚህ ዓይነት ጥያቄ በተጻጻፉት ደብዳቤ ነው፤ የዕድል ስሌት ትምህርትም ከዚያ ተነሣ። እንደ እነርሱ አሠራር፣ የሁለቱ ወገን ችሎታ እኩል ከሆነ፣ 20 የያዘው ለማሸነፍ አራት ዙር በተከታታይ ማሸነፍ አለበት፤ ይህም ከ16 አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ ከ112ቱ ብር ለእርሱ 7፣ ለሌላው 105 ይደርሳል።

ይህን ባነበብን ማግሥት ያንን ልጅ ደብተሩን እንዲያሳየን ለመንነው። በላጲስ ከጠፋው በታች አራት ጊዜ የሚለው ቃል አሁንም ይነበባል።