የዐፄ ቴዎድሮስ ጠባይና የልብ ወለድ ታሪክ ጸሓፊ ተግባር

ያለፈውን ዘመን ሰው በልብ ወለድ ታሪክ ዳግመኛ ሊያስነሣ የሚፈልግ ጸሓፊ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው ሰውየውን ከመውደድ የተነሣ ነውሩን ሁሉ ሸፍኖ መልአክ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛውም ከመጥላት የተነሣ በጎውን ሁሉ ደምስሶ ሰይጣን ማድረግ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ሥዕል እንጂ ሰው አይደለም። አንባቢም በልቡ አይቀበለውም፤ ራሱን ሲመረምር እንዲህ ያለ ፍጥረት በሰው መካከል እንደማይገኝ ያውቃልና። መጽሐፍ ቅዱስ ስንኳ የዳዊትን ድልና መዝሙር ሲነግር በኦርዮ ላይ የሠራውን በደል አልደበቀም፤ የጴጥሮስንም ክሕደት ጽፎአል። ስለዚህም የሁለቱ ንስሓ እውነተኛ ሆኖ ይታያል።

ለዚህ ነገር ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የበለጠ ምሳሌ በኢትዮጵያ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አጠገብ፥ በደን ከተከበበው ከጣራ ገዳም ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከበታቹ የፎገራን ሜዳ፥ ከሜዳውም ወዲያ የጣናን ባሕር ያያል። በስተ ደቡብ ምሥራቅ በተራራው በኩል ደግሞ ደብረ ታቦርና ጋፋት አሉ። የንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ አሳብና ታላቅ ጥፋት ሁለቱም በዚህ አገር ላይ ወርደዋልና፥ አንዱን ብቻ መርጦ ለመጻፍ የሚከጅል ሰው ቦታው ራሱ ይመሰክርበታል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ስለ ሞቱ ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር ድኽነትን ቀመሱ። ጠላቶቻቸውም እናታቸውን በኮሶ ሻጭነት እየሰደቡ እስከ መጨረሻው ይሳለቁባቸው ነበር። ለትምህርት ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብተው ሳለ ወታደር ገዳሙን መዝብሮ አጠፋው፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሲጠፉ እርሳቸው አመለጡ። ከዚህ በኋላ በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦርን ሥራ ተማሩ። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛቱ ለሌሎች ስለ ተሰጠ ካሣ በቆላው ሸፈቱ። በሽፍትነታቸውም ጊዜ ከዘረፉት ገንዘብ ለገበሬ የእርሻ መሣሪያ መግዣ ይሰጡ እንደ ነበረ ይነገራል።

አስተዋይ ጸሓፊ የሰውየውን ሥር የሚያገኘው በዚህ ላይ ነው። የተቃጠለው ገዳም ዘራፊ ወታደርን እንዲጠሉ አደረጋቸው፤ የእናታቸው ስድብ ደግሞ ንቀትን ፈጽሞ የማይታገሥ ልብ ሰጣቸው። ለድኻ የነበራቸው ርኅራኄና በተቃዋሚ ላይ የነበራቸው ጭካኔ ከሁለት ምንጭ የወጡ አይደሉም፤ ከአንድ ቁስል የወጡ ናቸው። ርኅራኄውን ጽፎ ጭካኔውን የሚተው ደራሲ ሥሩን ቈርጦ ዛፉን ሊያቆም እንደሚደክም ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጥኖ የሚነገር ነው። በ1839 እቴጌ መነንን ማረኩ። በ1840 በደባርቂ ከግብጽ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ስለ ተሸነፉ የመድፍንና የሥርዐተ ጦርን ኀይል በገዛ ደማቸው ተማሩ። በ1845 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መሳፍንት ለብዙ ዘመን የተከፋፈሉትን አገር አንድ ለማድረግ፥ ዝርፊያን ለመከልከል፥ የባሪያን ንግድ ለማስቀረት፥ ለወታደሩም ደመወዝ ለመቍረጥ አሰቡ። ይህ ሁሉ ከዘመናቸው ቀድሞ የሄደ አሳብ ነበር።

ነገር ግን ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡም ከመሬት እንጂ ከሌላ አይገኝም። ስለዚህ በ1852 ለየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃውን ብቻ ትተው የቀረውን መሬት ወሰዱ። በዚህ ታሪክ ላይ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ካህናቱን ሆዳሞች፥ ንጉሡንም ሃይማኖት የለሽ አድርጎ ቢያቀርብ ሁለቱንም ይበድላል። ንጉሡ የተዋሕዶን ሃይማኖት አጥብቀው የያዙ፥ በመጽሐፍም የሚከራከሩ ሰው ነበሩ። የካህናቱ መሬት ደግሞ የቅኔና የዜማ ተማሪ የሚያድርበት፥ ድኻም የሚጠለልበት ነበር። የጽሑፍ ክብደት የሚገኘው ሁለት እውነት ያላቸው ወገኖች ሲጋጩ ነው።

እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። በ1852 ቆንሲል ፕላውደን፥ ቀጥሎም ወዳጃቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል በሽፍቶች እጅ ጠፉ፤ ንጉሡም በበቀል እጅግ ብዙ እስረኞች አስገደሉ። ብዙ ተራኪዎች የጭካኔያቸውን መጀመሪያ ከእነዚህ ሞቶች ይቈጥራሉ። ይህ ለጸሓፊ ቀላል፥ ለአንባቢም ደስ የሚያሰኝ ምክንያት ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይከብዳል። እቴጌ ተዋበች በሕይወት ሳሉም በወሎው ዘመቻ የሸፈቱትን እጅ አስቈርጠዋል። ኀዘን የነበረውን ጠባይ አገነነው እንጂ አዲስ ሰው አልፈጠረም።

በ1855 ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቢቀር እንደ ንቀት ቈጠሩትና በ1856 ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። የቋራው ልጅ ቁስል እዚህም ላይ ይታያል። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ የወሎዋን የወይዘሮ ወርቂቱን ልጅ ከሌሎች ጋር ወደ ገደል አስጣሉት። በዚያው ዘመን ግን ጋፋት ላይ የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው የኢትዮጵያ ልጆች የብረት ሥራ እንዲማሩ ያደርጉ ነበር። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው በዚያ ነው።

በ1858 ሠራዊታቸው በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ የኮሌራ በሽታ ገባበት፤ ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። አገሩ በሸፈተባቸው መጠን ደመወዝ ጠፋ፤ ሠራዊቱም የበጌምድርን ገበሬ እየዘረፈ መኖር ጀመረ። ዝርፊያን ለማጥፋት የነገሡት ሰው የዘራፊ ሠራዊት አለቃ ሆኑ። ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት፥ ከብቱም በዝና የሚታወቀው የፎገራ አገር ያን ጊዜ የአዝመራው ጌታ አልነበረም። ከፎገራ በላይ በጣና ላይ ባለችው በምጽራሐ ደሴት የተጠጋው ሕዝብም በእሳት ጠፋ። በልጅነቱ ከተቃጠለ ገዳም ያመለጠ ሰው ገዳም አቃጣይ ሆኖ መገኘቱ ከልብ ወለድ ሁሉ የሚያስፈራ ታሪክ ነው።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቡትን የብራና መጻሕፍት ግን በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ከእነዚህ 350 ያህሉ ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደዋል። መቅደሱን የሚያቃጥል እጅና መጽሐፉን የሚያከብር እጅ የአንድ ሰው እጅ ነበረ። ደራሲ ይህን እንዲያስታርቅ አይጠየቅም፤ እንዳለ እንዲያሳይ ብቻ ይጠየቃል።

በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እየጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ስድስት ወር ያህል በተጓዙበት ገደላ ገደል መንገድ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከወታደሩ ጋር ሠሩ። አቡነ ሰላማ በዚያ ዓመት በመቅደላ በእስር ሳሉ ዐረፉ። በሕማማት ሐሙስ ብዙ እስረኞች ከፈቱ በኋላ፥ የቀሩት ሲጮኹ ሰምተው ተቈጡና ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ወደ ገደል አስጣሉ። በስቅለት ቀን በአሮጌ ጦርነት ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ከዚህ በኋላ የውጭ አገር እስረኞችን አንዱን እንኳ ሳይጐዱ ሰደዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግሥት፥ የጄኔራል ናፒየር ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ምሕረትና ጥፋት በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ሰው ላይ ተፈራረቁ።

ከዘመናቸው ጸሓፊዎች ደብተራ ዘነብ ታሪኩን የሚያቆመው ከክፉዎቹ ዓመታት በፊት ነው፤ አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ ሞታቸው ድረስ ጽፈዋል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ሰው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 የቴዎድሮስ ዕንባን፥ አቤ ጉበኛም በ1961 አንድ ለናቱን ጽፈው ንጉሡን ለልብ ወለድ አንባቢ አቅርበዋል። ወደ ፊትም ብዙዎች ይጽፋሉ። የሚጽፉትም የዘነብን ቴዎድሮስና የወልደ ማርያምን ቴዎድሮስ በአንድ ገጽ ላይ ማቆም ይገባቸዋል።

ይህ ነገር ለደራሲ ብቻ የተተወ አይደለም። መዝገብ የሚጠብቅ ሹምና ብራና የሚጠብቅ ካህን ደግ አሳብ ያለው ሰው እንዴት እንደሚጠፋ የሚያሳየውን ገጽ ፍቆ ለልጅ ቢያስተላልፍ፥ ተከታዩ ትውልድ በዚያው መንገድ ሲሄድ የሚያስጠነቅቀው አያገኝም። ነውሩን አለመደበቅ ሙትን ማዋረድ አይደለም፤ ሰው እንደ ነበረ መመስከር ነው። ለዐፄ ቴዎድሮስም ከሐሰተኛ ምስጋና ይልቅ ይህ ምስክርነት የሚበልጥ ክብር ነው።