ከ«ፋይቭ ኤፍ ዩ» ጀርባ ያሉት ሰው

ተማሪ ሳለን «ፋይቭ ኤፍ ዩ» የፋርማኮሎጂ ፈተና ነበር፤ በቃ፣ ሽምደዳ! የሠራው ማን ይሆን ብዬ የጠየቅሁት ለታካሚ ማዘዝ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ፕሮፌሰር ቻርለስ ሃይደልበርገር በ1920 (እንደ አውሮፓውያን) ኒው ዮርክ ተወለዱ። አባታቸው ማይክል የታወቁ የኢሚውኖሎጂ ሊቅ ነበሩ፤ ልጅ ግን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አጥንተው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የአይጥ ጉበት ዕጢ ከጤነኛው ጉበት ይልቅ ዩራሲል የሚባለውን ንጥረ ነገር አብዝቶ እንደሚወስድ ሌሎች ተመራማሪዎች ደርሰውበት ነበር። እሳቸው ታዲያ ለዕጢው የሚወደውን አስመስለው መርዝ አዘጋጁለት፦ በዩራሲል ላይ ያለችውን አንዷን ሃይድሮጅን በፍሎሪን ተኩ። ሴሉ የለመደው መስሎት ይወስደዋል፤ ከዚያ ዲኤንኤ መሥራት ያቅተዋል። መድኃኒቱ በ1957 ይፋ ሆነ።

ለተሰራጨ የጨጓራ ካንሰር ብቻውን ብዙም አይገፋም፤ ስለዚህ ዛሬ ከፕላቲነም መድኃኒት ጋር አጣምረን እንሰጠዋለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ወራት ነው። ግን ምግብ አልወርድ ብሏቸው የነበሩ አባት ከጥቂት ዙር በኋላ እንጀራ ሲጎርሱ አይቻለሁ።

ሃይደልበርገር ራሳቸው በ1983 በካንሰር ሞቱ። የ94 ዓመቱ አባታቸው ያኔ በሕይወት ነበሩ።