ሼቫሊየር ጃክሰን፤ የጠባቡ ቧንቧ ሐኪም

የአራስ ሕፃን የአየር መተላለፊያ፣ ከድምፅ አውታሮች ዝቅ ብሎ ባለው ስፍራ፣ ውስጣዊ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቧንቧ ዙሪያውን የ1 ሚሊ ሜትር እብጠት ቢነሣ ቀዳዳው ወደ ሩቡ ይወርዳል፤ አየሩ ሳይናወጥ የሚፈስስ ነው ተብሎ ሲሰላ ደግሞ መቋቋሙ 16 እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ድምፅ ከማጎርነን የማያልፍ እብጠት ሕፃኑን አንቆ ሊገድል የሚችለው ስለዚህ ነው። በማንቁርት ላይ የሚበቅለው ፓፒሎማ የተባለው ኪንታሮት መሰል እብጠት ከነዚህ አንዱ ነው። ብርቅ ሕመም ነው፤ ካንሰርም አይደለም። ነገር ግን የሚበቅልበት ስፍራ ክፉ ነው፤ ሲነቀልም መልሶ ይበቅላል። ሕፃኑ በመጀመሪያ ለቅሶው ይጎረንናል፣ ቀጥሎ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ በመጨረሻም አየር ያጥረዋል።

የሕፃናትን ጉሮሮ ከዚህና ይህን ከመሰለው እክል ለማዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙት ሼቫሊየር ጃክሰን የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 በአሜሪካ፣ የብረትና የድንጋይ ከሰል አገር በሆነችው በፒትስበርግ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውነታቸው ያልጠነከረ ጭምት ልጅ ስለ ነበሩ ጎረምሶች እጅግ ያሠቃዩአቸው ነበር። መጠጊያቸው የእንጨትና የብረት ሥራ ሆነ። ለሕክምና ትምህርታቸው ገንዘብ ያገኙትም በሸክላና በብርጭቆ ዕቃ ላይ ሥዕል እየሣሉ ነው። ሁለቱንም እጃቸውን አስለምደው ስለ ነበር፣ በኋላ ዘመን ሲያስተምሩ በቀኝም በግራም በጠመኔ ይሥሉ ነበር። በ1886 ከፊላደልፊያው ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ።

ከዚያ ወደ ለንደን ተሻግረው የጉሮሮ ሐኪሙን የሞሬል ማኬንዚን ሥራ ተመለከቱ። ማኬንዚ በማንቁርት ላይ ስለሚበቅሉ እብጠቶች በ1871 መጽሐፍ ያሳተሙ ዝነኛ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ማንቁርት የሚታየው በአፍ ውስጥ በሚገባ ትንሽ መስተዋት ነበር። መስተዋቱ ደግሞ አፉን ከፍቶ በትዕግሥት ለሚቀመጥ አዋቂ እንጂ ለሚያለቅስ ሕፃን የተሠራ አልነበረም።

ጃክሰን በፒትስበርግ ሥራ ከጀመሩ በኋላ በ1890 የምግብ ቧንቧን በቀጥታ የሚያሳይ ቀጥ ያለ ቱቦ ሠሩ። ሌሎች ሐኪሞችም መሣሪያውን ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ ባልለመደ እጅ የገባው ቱቦ በሽተኞችን እንደ ጎዳ ወሬ ደረሳቸው። ጃክሰን በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ለሌሎች ማስፋፋቱን ተዉ። ስም ለማግኘት ለሚጣደፍ ወጣት ሐኪም ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ የቀረውን ሥራቸውን በሙሉ የቀረጸው ግን ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለመሣሪያው ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ለሚይዘው እጅም ሥልጠና ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ያምኑ ነበር።

በ1897 ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት በቱቦ ሲያወጡ አዲስ መንገድ ተከፈተ። የቀረው ችግር ብርሃን ነበር። ከውጭ የሚላከው ብርሃን በረጅሙና በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ይጠፋል፤ ቱቦው ለሕፃን ሲጠብ ደግሞ ፈጽሞ አይበቃም። የኒው ዮርኩ ማክስ አይንሆርን በ1902 በምግብ ቧንቧ መመልከቻ ጫፍ ላይ አምፑል አድርገው ነበር። ጃክሰን ይህን አሳብ ለአየር ቧንቧ አዋሉት። ደቃቅ አምፑል በቀጭን ዘንግ ላይ አድርገው እስከ ቱቦው ጫፍ አደረሱት፤ ለሕፃናትም የ4 ሚሊ ሜትር ቱቦ አዘጋጁ። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሰተት ብለው የሚያልፉትን ረዣዥም መቆንጠጫዎች የነደፉትም እርሳቸው ናቸው። በመሣሪያዎቻቸው ላይ የባለቤትነት መብት አላወጡም።

በፓፒሎማ ላይ ያስተማሩት ለብዙ ሐኪሞች እንግዳ ነበር። መልሶ የሚበቅልን ነገር ከሥሩ ቆርጦ መጣል የሚያሻ ይመስላል። ጃክሰን ግን እብጠቱ ላይ ላዩን ብቻ እንዲላጥ፣ ጤነኛው ሥጋ እንዳይነካ፣ ሲመለስም ሥራው ደጋግሞ እንዲሠራ አዘዙ። እብጠቱ ከዓመታት በኋላ ራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በቢላዋ የተቆረጠ የድምፅ አውታር ጠባሳ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። አየር ላጠረው ሕፃን ማደንዘዣ መስጠትንም ይቃወሙ ነበር። ለዛሬ አንባቢ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ማደንዘዣ የተዳከመውን ትንፋሽ ጨርሶ ሊያቆመው ይችል ነበር።

አንገትን በስቶ አየር ማስገባትም እንደዚሁ በሐኪሙ ስሕተት የሚጎዳ ሥራ ነበር። በ1921 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለማንቁርት ሥር የሰደደ ጥበት ዋናው ምክንያት ቀዳዳውን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ መብሳት መሆኑን አስረዱ። በዚህም ብዙ ባልንጀሮቻቸው ተቀየሙ።

በ1911 እርሳቸውም በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ፤ ሕመሙ ከአንድ ጊዜ በላይ አልጋ ላይ ቢያውላቸውም መጻፍን አልተዉም። በ1916 ወደ ፊላደልፊያ ሄደው በከተማይቱ በሚገኙ አምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመምህርነት ወንበር ያዙ። ከ1935 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣቸው የነበረው ግን በማኅበረሰቡ ቸልተኝነት የሚመጣው ጉዳት ነው። ለጽዳት የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሸጥ ነበር፤ ሕፃናት ስኳር እየመሰላቸው ይውጡታል፣ የምግብ ቧንቧቸው ተቃጥሎ ይደፈናል። ውኃ እንኳ መዋጥ ተስኗት የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ጃክሰን ቧንቧዋን የደፈነውን በመቆንጠጫ ካወጡላት በኋላ ውኃ ጠጥታ እጃቸውን ሳመች። ይህን እስከ እርጅናቸው አልረሱትም። ለዓመታት በየሸንጎው ተመላልሰው በመጨረሻ በ1927 በዕቃው ላይ የመርዝ ምልክትና የመድኃኒቱ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ። ከበሽተኞች ጉሮሮና ሳንባ ያወጧቸውን መርፌ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲምና ሌላም ነገር ሁሉ እያንዳንዱን መዝግበው አስቀምጠው ነበር፤ 2,374 የሚሆኑት በፊላደልፊያ ሙተር ሙዚየም ይገኛሉ።

በነሐሴ ወር 1958 በ92 ዓመታቸው አረፉ። ፓፒሎማን ለማስወገድ ሌዘር ሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ ነው። የበሽታው ምክንያት ቫይረስ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ሐኪም ከልጅ ማንቁርት የተወሰደውን እብጠት በራሱ ክንድ ላይ በመውጋት በ1923 አመልክቶ ነበር፤ ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ በወሊድ ጊዜ ከእናቱ እንደሚይዘው በኋላ ታወቀ። በ1980ዎቹ ቫይረሱ ተለይቶ ታወቀ፤ ክትባቱም በ2006 ወጣ። አውስትራሊያ በ2007 ልጃገረዶችን መከተብ ጀመረች፤ በዚያች አገር በ2012 አዲስ የተመዘገቡት ሕፃናት ሕሙማን 7 ሲሆኑ በ2016 የተመዘገበው 1 ብቻ ነው።