ጆርጅ ሺራስ ሣልሳዊ

ጆርጅ ሺራስ ሣልሳዊ (ጃንዋሪ 1 ቀን 1859 – ማርች 24 ቀን 1942 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ጠበቃ፣ የሕዝብ እንደራሴና የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሌሊት የሚንቀሳቀሱ አውሬዎችን በመኖሪያቸው ፎቶ ካነሱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በፔንስልቬኒያ፣ አሌጌኒ ከተማ ነው። አባቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ሺራስ በኮርኔልና በዬል ተምሮ ጠበቃ ቢሆንም፣ ልቡ በሚቺጋን ግዛት በማርኬት ከተማ አጠገብ ባለው ዋይትፊሽ ሐይቅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ወደዚያ ለአደን ይሄድ ነበር።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኦጂብዌ አዳኞች ሌሊት በታንኳ ሲጓዙ ከፊታቸው እሳት ያበሩ ነበር። አጋዘን ብርሃኑን ሲያይ ከመሸሽ ይልቅ አፍጥጦ ይቆማል፤ አዳኙም በሚያበሩት ዓይኖቹ ላይ ያነጣጥራል። ሺራስ ዘዴውን እንዳለ ወስዶ ጠመንጃውን በካሜራ ተካው። ይሁንና በዚያ ዘመን የነበረው የመስታወት ነጋቲቭ ምስል ለመያዝ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ የፋኖስ ብርሃን አይበቃውም። ካሜራው ለረጅም ጊዜ ቢከፈት ደግሞ ታንኳውም እንስሳውም ስለሚንቀሳቀሱ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ በቅጽበት ቦግ ብሎ የሚነድ የማግኒዝየም ዱቄት ተጠቀመ። ዱቄቱ አደገኛና ጢሳም ነበር፤ አንዴ ከፈነዳ እንስሳው በርግጎ ይሮጣል። በዚህም ምክንያት ሽሽቱን የሚያነሳ ሁለተኛ ካሜራ ጨመረ። ፍንዳታው ለእንስሳቱ ገር ነበር ማለት ያስቸግራል፤ ቢሆንም በሕይወት ይሄዱ ነበር።

ሰው በሌለበትም ፎቶ ማንሳት ቻለ። በእንስሳት መተላለፊያ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ አውሬው ሲነካው ብልጭታውና ካሜራው አብረው ይሠራሉ፤ እንስሳው ራሱን በራሱ ያነሳል ማለት ነው።

የሌሊት ፎቶዎቹ በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተሸለሙ። በጁላይ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶዎቹን አሳተመ። ሁለት የቦርድ አባላት መጽሔቱ የሥዕል መጽሐፍ ሆነ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ አንባቢው ግን ወደደው።

ሺራስ ከ1903 እስከ 1905 በአሜሪካ ኮንግረስ አገልግሏል። በ1904 ያቀረበው የተሰዳጅ ወፎች ጥበቃ ረቂቅ ያኔ ባይጸድቅም፣ በ1913 ለወጣው ሕግ መንገድ ከፍቷል። በ1928 ወደ 2,400 የሚጠጉ ነጋቲቮቹን ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሰጠ፤ በ1935ም ሥራዎቹን በሁለት ቅጽ አሳተመ። ያረፈው በማርኬት ነው።

የሺራስ ገመድ ዛሬ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ጠቋሚ፣ ዱቄቱም በኢንፍራሬድ ብርሃን ተተክቷል። በ2016 በቋራ፣ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው የተረጋገጠው እንዲህ ያለ ወጥመድ ካሜራ ባነሳቸው ምስሎችና በዱካቸው ነው።