ኤድዋርድ ሩፐል እና የስሜን ተራሮች ጉዞ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ የጉማራን ወንዝ ይሻገራል። በክረምት ወራት፣ ወንዙ ደፍርሶ ሲሞላ፣ የጣና ሰዎች ነጭ ዓሣ ከሚሉት ወገን የሆኑ ዓሦች ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ጠጠር ያለበትን ጥሩ ውሃ ፈልገውም ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የዚህን የዓሣ ወገን አባላት ከጣና ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ስም የሰየመው፣ በስሜን ገደል ላይ የሚኖረውን ዋልያንም፣ ጭላዳንም፣ ቀይ ቀበሮንም በእንስሳት መዝገብ ያስገባው አንድ ሰው ነው። እርሱም የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፐል ነበር። ስሙ በሥነ ሕይወት ሙያ ለተሰማራ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፣ ወደ እነዚያ ተራሮች ለመድረስ ስንት ዓመት እንደ ተዘጋጀና አንድ ጊዜም ከደጃፉ ደርሶ እንደ ተመለሰ የሚያስታውስ ብዙ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩፐል በ1794 ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። የታሰበለት ሥራ ንግድ ነበር፤ በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ያደረገው ጉዞ ግን ልቡን ከንግድ መለሰው። ሆኖም በስሜት ተነድቶ ወዲያው ወደ በረሃ አልሮጠም። ወደ ኢጣልያ ሄደና በፓቪያ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፀዋት ትምህርት ተከታተለ፤ በጄኖቫም ከታዋቂው የከዋክብት ተመራማሪ ከባሮን ፎን ዛክ ዘንድ ፀሐይንና ከዋክብትን ለክቶ የቆመበትን ስፍራ ማወቅን ተማረ። ለጉዞው የሚያስፈልገው ገንዘብ ከውርስ የመጣ ስለነበር የማንንም ቸርነት አልጠበቀም። በዚህ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ውርሱን አስቀድሞ ለትምህርት፣ ቀጥሎም ለመንገድ የሚያወጣ ወጣት በየትኛውም ዘመን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በ1821 ጀመረ። ሚካኤል ሃይ ከሚባል ሐኪም ጋር ሆኖ ሲናን ዞረ፤ በ1822 ዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሰ፤ ከዚያም ዓባይን ተከትሎ ወደ ኑብያ ወጣ። የዚህ ሁሉ መጨረሻ እንዲሆን ያሰበው ኢትዮጵያ ነበር። ዳሩ ግን በ1827 ገደማ ምፅዋ ሲደርስ አብረውት የነበሩት ሰዎች በሕመም ተዳክመው ነበር። የደጋው ግንብ ከባሕሩ ዳር በግልጽ በሚታይበት ስፍራ ቆሞ፣ መውጣት እንደማይችል አወቀና ተመለሰ። ብዙ ተጓዦች በእንዲህ ያለ ሰዓት በሽተኛ እየጎተቱ ወደ ተራራ ወጥተው መንገድ ላይ ቀርተዋል። ስለ ሩፐል ብርታት ሲነገር የሚነሣው በኋላ ያደረገው ጉዞ ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ምናልባት ይህ መመለሱ ሳይሆን አይቀርም።

በፍራንክፈርት ባሳለፋቸው ጥቂት ዓመታት ያመጣውን ሁሉ ለዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ሰጥቶ ያደራጅ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉዞም ያወጣና ያወርድ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ስሜን ተራሮች በአውሮፓ የሚታወቀው ጥቂትና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ገልብጦ ያቆየው የድንጋይ ጽሕፈት፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ በበረዶ የተሸፈኑትን የስሜን ተራሮች ወግቶ እንዳስገበረ ይናገራል። ኢየሱሳውያንም በረዶ መኖሩን ጽፈዋል። ጄምስ ብሩስ ግን ነገሩን ካደ፤ ከርሱ በኋላ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ መኖሩን መልሶ አረጋገጠ። ለክርክሩ መርዘም ቋንቋም ሳይረዳ አልቀረም። በአማርኛ በረዶ የሚለው ቃል ከደመና እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በተራራ ራስ ላይ እንደ ባዘቶ የሚነጠፈውንም ስለሚይዝ፣ ከቆላ ሰው የጠየቀና ከደጋ ሰው የጠየቀ መንገደኛ ሁለት ልዩ ልዩ ወሬ ይዞ መመለሱ አያስደንቅም።

ሩፐል በ1830 እንደገና ተነሣ። ስለ ባልደረባው በዚህ ጊዜ ተጠንቅቆ ነበር። ቴዎዶር ኤርክል የተባለውን የፍራንክፈርት ሰው ይዞ መጣ፤ የኤርክል ሥራ የታደኑትን አራዊትና አዕዋፍ ገፍፎ፣ ቆዳቸውን በመድኃኒት አሽቶ፣ ሳይበሰብሱ አገር ቤት እንዲደርሱ ማድረግ ነበር። ከፍታን በአየር ክብደት የሚለካው ባሮሜትር፣ የከዋክብት መለኪያው፣ ለዓሣና ለተንቀሳቃሽ ፍጥረት ማኖሪያ የሚሆነው አልኮል፣ ባሩዱና ጥይቱ፣ ለመንገዱ የማርያ ትሬዛ ብር፣ ይህ ሁሉ በበቅሎና በሰው ጀርባ የሚወጣ ጭነት ነው። የብርጭቆ ዕቃ በገደል መንገድ ማጓጓዝ ምን እንደሚመስል የመስክ ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ዝግጅት የማያሸንፈው ነገር ግን ምፅዋ ላይ ጠበቀው። ሩፐል በመስከረም 1831 በደረሰ ጊዜ አገሩ በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ታውኮ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደጃዝማች ሰባጋዲስና ራስ ማርዬ ደብረ ዓባይ ላይ ተዋግተው ሁለቱም ሞተዋል፤ የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤም ትግራይን ለመጠቅለል ተነሥቶ ነበር። መንገዱን የሚያውቀውና የሚያስከፍተው የነጋዴ ጉዞ ስለሆነ፣ ነጋዴዎቹ እስኪነሡ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሩፐል በዚህ አልተማረረም። ወራቱን የቀይ ባሕርን ዓሦች በመሰብሰብ አሳለፈና በ1832 ከነጋዴዎች ጋር ወደ ደጋ ወጣ። የጉዞው አቅድ በወንዝም የታሰረ ነበር። ተከዜ ክረምት ገብቶ ከሞላ በኋላ መሻገሪያ የለውም፤ የዘገየ ሰው እስከ መስከረም ማዶ ይቀራል።

የዚያን ዓመት ክረምት ያሳለፈው ስሜን ውስጥ፣ እንጨትቃብ በሚባለው ስፍራ ነበር። ለተራራ ጉዞ ክረምት የተመረጠ ወቅት አይደለም፤ ጉሙ ገደሉን ይሸፍናል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። ይሁን እንጂ በከፍታው ላይ በረዶ ተነጥፎ የሚታየው በእንዲህ ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ ሩፐል የአዱሊሱ ድንጋይ እውነት መናገሩን በዓይኑ አየ። የሰበሰበውም ብዙ ነው። ጅብራ የሚባለው ግዙፍ ተክል፣ ከሣር በቀር ሌላ ዛፍ በማይታይበት ውርጫማ ሜዳ ብቻውን የሚቆመው፣ ሩፐል ይዞት በሄደው ናሙና መሠረት በ1838 በፍሬዝንዩስ ተገልጾ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ።

አንድ ነገር ግን ሩፐል ሳያውቀው አለፈ። ዛሬ በስሜን የሚነጠፈው በረዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚቀልጥ ነው፤ በቀድሞው ቀዝቃዛ ዘመን ግን በቧሒትና በራስ ደጀን ዙሪያ ዓመት ከዓመት የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ነበር። ግግሩ እየተንሸራተተ የገፋው ድንጋይና አፈር ተከምሮ እስከ ዛሬ ይታያል። ሩፐል በዚህ አገር ሲመላለስ እንዲህ ያለውን ክምር ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነበር፤ ሉዊ አጋሲ ስለ በረዶ ግግሮች የጻፈውን ያሳተመው በ1840 ነውና። የስሜኑን ምልክት በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሶን፣ በኋላም ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ አጥንተው ገለጡት። የተዘጋጀ ዓይን እንኳ ዘመኑ ያልሰጠውን አያይም።

ከስሜን ወርዶ ጎንደር ሲገባ ሩፐል የእንስሳት ሰብሳቢ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከከተማይቱ ሊቃውንት ከሊቅ አጽቁ ጋር ተወዳጀ፤ የነገሥታት ታሪክ ያለባቸውን የግእዝ መጻሕፍትም አግኝቶ በኋላ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። መጻሕፍቱ ከጎንደር መውጣታቸው ዛሬ በሌላ ዓይን የሚታይ ጉዳይ ነው፤ ስለ ጎንደር ነገሥታት የጻፉ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በብዙ ተጠቅመውባቸዋል።

በ1833 በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ዓባይ ድልድይ ወረደ። ይህ መንገድ በደራ አገር ያልፋል፤ የሐሙስ ገበያ ስም የሰጣት ሐሙሲት ዛሬ ያለችው በዚሁ አገር ነው። በምሥራቅ በኩል የጉና ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምዕራብ ሐይቁ አለ። የድንጋዩን ድልድይ ሩፐል በመጽሐፉ ዴልደይ ብሎ የቦታ ስም አድርጎ ጻፈው። ማን ይባላል ብሎ የጠየቀው ሰው ድልድይ ነው ብሎ እንደ መለሰለት መገመት አያዳግትም። እንዲህ ያለ ስሕተት በሩፐል ሥራ ብዙ አይገኝም። ደግሞም የአገሬውን ቃል እንደ ሰማው መጻፉ ነው ሥራውን ሕያው ያደረገው። ዋልያና ጭላዳ በላቲኑ ስማቸው ውስጥ የገቡት ከሰዉ አፍ እንደ ወጡ ነው፤ በሶ የተባለው የጣና ዓሣም እንዲሁ። ጎርጓሪ ብሎ የሰየመው ዓሣ ስም ከየት እንደ መጣ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሩፐል ወደ አገሩ ተመልሶ በ1835 እና በ1840 መካከል ስለ ኢትዮጵያ አከርካሪ ያላቸው እንስሳት የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ፣ ከ1838 እስከ 1840 ደግሞ የጉዞውን ታሪክ አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው። ባልደረባው ኤርክልም አልተረሳም፤ በኢትዮጵያ ደጋ ገደላ ገደል የምትኖር አንዲት ቆቅ በስሙ ተጠርታለች። በስሜን ገደል ዋልያን ተከትሎ መውረድና መውጣት የሚያውቀው ግን የአገሬው አዳኝ ነበር፤ የጣናንም ዓሣ በስም ለይቶ የነገረው አስጋሪው ነው። የእነርሱ ስም በየትኛውም ፍጥረት ላይ የለም። ይህ የሩፐል ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ቢሆንም ጉድለት ነው፤ ጉድለቱም ከሩፐል ጋር አልቀረም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። በዕድሜው ማምሻ ከእንስሳት ይልቅ ወደ ጥንታዊ ገንዘቦች ጥናት አዘነበለ፤ በ1884፣ በ90 ዓመቱ፣ በተወለደበት ከተማ ሞተ። ስሙን የያዘው ጥንብ አንሣ በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአንድ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ፣ ወፍ በዚያን ያህል ከፍታ መብረሩ ተመዘገበ።

በጣና ላይ የሞተር ጀልባና ሰፊ መረብ በ1980ዎቹ ከገባ በኋላ፣ በ1990ዎቹ በባሕር ዳር የሠሩ ተመራማሪዎች ነጩን ዓሣ እንደገና መርምረው 15 ያህል ዝርያዎች እንዳሉ ለዩ፤ ሩፐል የሰጣቸው ስሞች የምደባው መነሻ ሆነው ቆዩ። እነዚሁ ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ ስለሚጠበቁ ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። በፍራንክፈርት ቤተ መዘክር፣ ሩፐል ከሐይቁ ያወጣቸው ጥቂት ዓሦች በአልኮል ውስጥ እንደ ተቀመጡ ናቸው።